ከሩቅ ሆኖ ፊዚዮቴራፒ መስጠት፦ ታካሚው ቤት ያለው ባለ በተን ስልክ ብቻ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከሕክምና ቡድን ጋር አልፎ አልፎ ወደ ሩቅ ገጠር እሄዳለሁ። እዚያ የማገኛቸው አብዛኞቹ ስትሮክ የመታቸው፣ ጀሶ የተፈታላቸው ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው ናቸው። አንዴ አይቻቸው ከተመለስኩ በኋላ ወደ ሆስፒታል መምጣት ስለማይችሉ ሕክምናው እዚያው ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ በስልክ ልከታተላቸው አስቤአለሁ። ችግሩ ቪዲዮ የሚያስኬድ ኔትወርክ የለም፤ ስልኩ ባለ በተን ነው፤ እሱም የታካሚው ሳይሆን የልጁ ወይም የጎረቤቱ ነው። ሳላይና ሳልነካ መሻሻላቸውን በምን አውቃለሁ? ማንን በስልክ ልከታተል፣ ማንንስ በስልክ አልችልም ልበል? በሥራው ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የነርቭ ታካሚዎች ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ የስልክ ክትትል የሚቃናውም የሚበላሸውም ገና እዚያው ሳለሽ ነው። ለአንድ ታካሚ ያለሽ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከሆነ እኩሌታውን ለአስታማሚው ስጪ። አስታማሚ ስትመርጪም ስልክ ያለውን ወይም አንደበተ ርቱዑን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለውን ምረጪ።

እኔ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን አሳያለሁ፤ ቀጥሎ አስታማሚው በገዛ እጁ ይሠራል። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርና በቃል ብቻ አሠራቸዋለሁ፤ እነሱም የሚያደርጉትን ይነግሩኛል። ጀርባዬን ሰጥቼ ካልተግባባን በስልክም አንግባባም፤ ስለዚህ አነጋገሬን እዚያው አስተካክላለሁ። “ጉልበትዎን ይጠፉ” ከማለት “ተረከዝዎን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ወደ መቀመጫዎ ያምጡ” ማለት ይሻላል። ለየእንቅስቃሴው እነሱ ራሳቸው ስም ያውጡለት፤ ስትደውዪ በዚያው ስም ትጠሪዋለሽ።

ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ከሁሉ በፊት የማስተምረው ስለ ትከሻ ነው። ታካሚውን ለማንሣት የደከመውን እጅ መጎተት ወይም ብብት ሥር ይዞ ማንጠልጠል ትከሻውን ይጎዳል፤ ያ ሕመም አንዴ ከጀመረ ሌላውን ልምምድ ሁሉ ያስተጓጉላል። ሲቀመጥ የደከመው ክንድ ትራስ ላይ ይረፍ። መገላበጥ የማይችል ከሆነ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገልብጡት። ከልምምዶች አንዱን ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን እመርጣለሁ፦ ከፍ ካለ መቀመጫ ይጀመራል፣ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ አስታማሚው በደከመው ጎን ይሆናል። ሲጠነክር መቀመጫው ዝቅ ይላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ቤተሰብን ማሠልጠን ብቻውን መድኃኒት አይደለም። አቴንድ በተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የሕንድ ጥናት ላይ በ14 ሆስፒታሎች 1250 የስትሮክ ታካሚዎች ተሳትፈው ነበር። የአንደኛው ቡድን ቤተሰቦች ተጨማሪ ሥልጠና አግኝተው ልምምዱን ቤት ውስጥ ቀጠሉ፤ በስድስተኛው ወር ግን በሞትም ሆነ በሰው እርዳታ ጥገኛ በመሆን ከመደበኛው ክትትል የተለየ ውጤት አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው ሸክሙን ለቤተሰብ አስረክቦ መሄድ እንደማያዋጣ ነው። ልምምዱን በየጊዜው የሚያከብደው፣ የሚያቀለው፣ የሚለውጠው ባለሙያው መሆን አለበት፤ የምትደውዪውም ለዚህ ነው።

መልስ፦ የአጥንትና መገጣጠሚያ ፊዚዮቴራፒስት

መለኪያውን በተመለከተ፦ ስልኩን ስፒከር ላይ ያድርጉት፣ ሰዓቱን አንቺ ያዢ። “ይጀምሩ” በያቸው፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደተቀመጡ አስታማሚው ጮክ ብሎ ይቁጠር። ይህ በክሊኒክ የምንሠራበት የታወቀ ፈተና ነው። በአካል ሳለሽ የመነሻውን ቁጥር ውሰጂ፤ መቀመጫው ሁልጊዜ ያው ይሁን፤ ቁመቱ ከተለወጠ ቁጥሩ አይነጻጸርም።

ለትከሻ ጣታቸውን ግድግዳ ላይ እያራመዱ የደረሱበትን በከሰል ወይም በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ለጉልበት ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው ሲስቡ የደረሰበት ቦታ መሬት ላይ ምልክት ይደረግበት። በሚቀጥለው ሳምንት “ምልክቱን በስንት ጣት አለፉት?” ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ዲግሪ አይሰጥሽም፤ ወደፊት መሄዱን ወይም መቆሙን ግን በደንብ ይነግርሻል። ታካሚውም መሻሻሉን በዓይኑ ማየቱ ከእኛ ማበረታቻ ሁሉ ይበልጣል።

የሕመም ልኩን አስቀድመሽ ተስማሚ። ለጉልበት ሕመም የምጠቀመው ይህን ነው፦ ከ0 እስከ 10 ባለው የሕመም መለኪያ እስከ 5 የሚደርስ ሕመም በልምምድ ወቅት ቢሰማ ችግር የለም፤ ግን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ድግግሞሹን ቀንሺ እንጂ አታስቁሚ። ብዙ ሰው ሲያመው ፈርቶ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ጡንቻውም ይብስ ይደክማል።

ሥር ለሰደደ የጉልበት ሕመም ከሩቅ መከታተል በአካል ከመታየት እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አሳይቷል። እዚያ ግን የተገናኙት በቪዲዮ ነበር፤ የአንቺ በድምፅ ብቻ ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ አትውሰጂው።

መልስ፦ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ

ስልኩ የጎረቤት ከሆነ ሰዓት ቁረጡ፤ በተባለው ሰዓት ደውዪ። ቀኑ ከተዘለለ ሰዎቹ ተስፋ ይቆርጣሉ። የአየር ሰዓቱን ታካሚው እንዳይሸከም ሚስድ ኮል ያድርግና አንቺ መልሰሽ ደውዪ።

ስልኩን ላነሣው ሰው ስለ በሽታው አንድም ቃል አትናገሪ። ታካሚው ከቀረበም በኋላ ስፒከሩ እንዲጠፋ አድርጊና “አሁን ማውራት ይመችዎታል?” ብለሽ ጠይቂ። በተለይ እናቶች ስለ ሽንት ማምለጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ስለሚሰማቸው ሕመም በልጃቸው ስልክ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ እያለ በፍጹም አይናገሩም። እንዲህ ያለውን ለእኛ ተዪው፤ ቤት ለቤት ስንሄድ ለብቻቸው እንጠይቃለን።

ከእኛ አንዳችን ስማርት ስልክ ካለን ደግሞ የቀጥታ ቪዲዮ አያስፈልግም። አረማመዱን ከጎን፣ እግር ድረስ እንዲታይ አድርገን ለ30 ሰከንድ እንቀርጻለን፤ ጥራቱን ዝቅ አድርገን ኔትወርክ ስናገኝ በቴሌግራም እንልክልሻለን። ፈቃዳቸውን እንጠይቃለን፣ ፊታቸውን አንቀርጽም፣ አይተሽ ስትጨርሺ ከሁለታችንም ስልክ ይጥፋ። መመሪያሽንም በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ቅጂ። ብዙዎቹ ባለ በተን ስልኮች ሜሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፤ ማንበብ የማይችሉ ታካሚዎች ድምፅሽን ደጋግመው ይሰማሉ።

መልስ፦ አባቷን የምታስታምም

እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ጀምሮ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ብዙ ልምምድ የተጻፈበት ወረቀት ሰጡን። ቤት ስንገባ ከየትኛው እንደምንጀምር ግራ ገባን። በኋላ የሚደውልልን ፊዚዮቴራፒስት ወደ ሁለት ቀነሰልንና ከዕለት ኑሯችን ጋር አያያዘልን፦ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ እጅ ሲታጠቡ የደከመውን እጅ ማሠራት። እነዚህን ዘለን አናውቅም።

እባክሽ “እየሠራችሁ ነው?” ብለሽ አትጠይቂ። ለሐኪም አክብሮት ሲባል ሁሉም “አዎ” ይላል። “ትናንት ጠዋት ምን ሠሩ? የቱ ከበዳቸው?” ብትዪ እውነቱን ትሰሚያለሽ። ደግሞም አባቴን ሳያናግር ለእኔ ብቻ ሲያወራ ይከፋቸው ነበር። አንደበታቸው ቢተሳሰርም ይሰማሉ። መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም ማለት ሲጀምር ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠብቁ ጀመር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ፊትን አዙሮ የማሠራቱን ነገር በሚቀጥለው ጉዞ እጀምራለሁ። የቀረኝ የአደጋ ምልክቶቹ ናቸው። ደግሞስ በየስንት ጊዜው ልደውል?

መልስ፦ የነርቭ ታካሚዎች ፊዚዮቴራፒስት

በስልክ የማልከታተላቸው እነዚህ ናቸው፦ አጥንቱ መግጠሙ ያልተረጋገጠ፣ ድክመቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ያለ፣ የሚወድቅና ቤት ውስጥ የሚደግፈው ሰው የሌለው። እነዚህን በአካል የሚያያቸው ሰው እስኪገኝ ልምምድ አልሰጥም።

በእያንዳንዱ ጥሪ መጀመሪያ ላይ ደግሞ፣ ከልምምዱ በፊት፣ የአደጋ ምልክቶችን እጠይቃለሁ። የአንድ እግር ባት አብጦ ከሞቀና ካመመ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ወገቡን የሚያመው ሰው በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው ወይም ሽንቱን መሽናት ካቃተው የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ፊት መጣመም፣ አንደበት መተሳሰር ወይም አንድ ጎን መድከም እንደ አዲስ ከመጣም እንዲሁ። ጀሶ ገና ያልተፈታለት ሰው ሕመሙ እየባሰ ጣቶቹ ከደነዘዙ አይጠበቅም። ተኝተው ለሚውሉ ስለ አልጋ ቁስል ጠይቂ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ “ቀልቷል ወይ?” ማለት አይበቃም፤ መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን በእጅ ዳስሰው ከሌላው ቦታ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም መልኩ የተለየ ካለ ይንገሩሽ። ከነዚህ አንዱ ቢከሰት ወዴት እንደሚወሰዱና ማን እንደሚወስዳቸው በአካል ሳለሽ ተነጋግረሽ ጨርሺ።

የጥሪው ልክ የእኔ ልማድ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየሁለት ሳምንቱ፤ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በየጥሪው አንድ ነገር ይለወጥ፤ ድግግሞሹ፣ የመቀመጫው ቁመት ወይም እንቅስቃሴው። ቁጥሩ በተከታታይ ጥሪዎች ካልተነቃነቀ ግን ጥሪ አትጨምሪ፤ ያ ታካሚ በሚቀጥለው ጉዞሽ መጀመሪያ የምታዪው ይሁን።