ለታዳጊ አንባቢዎች የሚሆን የአዋቂ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ

እዚህ ባሕር ዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር መጻሕፍት አነባለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለአዋቂ የተጻፈና ገጹም የበዛ ቢሆንም፣ የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ ታሪክ እዚሁ ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ከልጅነቱ ስለሚጀምርና የዘመኑን ልማድ የሚተቸው ገጸ ባሕርይ የጉዱ ካሣ ሙግት ለክርክር ስለሚጋብዛቸው፣ ከእጃቸው ማስጣል አልተቻለም፤ እንዲያውም አንዲት ተማሪ የጉዱ ካሣን ንግግሮች በደብተሯ እየገለበጠች ታመጣለች። የተቸገርሁት ቀጥሎ በሚነበበው ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አስቤ ነበር፤ ፍጥነቱን እንደሚወዱት ባልጠራጠርም፣ የሚተርከው ጦርነት ለታናናሾቹ እንዳይከብዳቸው እሰጋለሁ። ስለዚህ ወጣት ባለታሪክ ያለው፣ ቶሎ ልብ የሚይዝና ጥያቄ የሚያጭር የአዋቂ ልብ ወለድ ከታዳጊዎች ጋር ያነበባችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እባካችሁ ርእሱንና ልጆቹ የወደዱበትን ምክንያት ጻፉልኝ። በከተማችን መጻሕፍት መደብሮች የሚገኝ ቢሆን እመርጣለሁ።