የወጣቶች ጤና የጋራ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ደርሷችኋል። ርዕሱ «ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጎጂነት ማስተማር» ይላል። ከሌሎቹ ሁለት የዋሽንግተን ዲሲ የሐበሻ ማኅበራት ጋር ስለምናስገባው፣ ቃሉ ላይ እንስማማ።

ነርሷ፦ እኔ ገና ርዕሱ ላይ ነኝ። ዕፅ በመርፌ የሚወጋው ልጅ ጎጂነቱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። «መርፌ አልተጋራሁም» ይላችኋል። ማንኪያውን፣ ጥጡን፣ የሚበጠብጥበትን ውሃ ግን ተጋርቷል። ጉበት የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ በዚያም ይተላለፋል። ቫይረሱ ያገለገለ ሲሪንጅ ውስጥ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብ ደግሞ ጉበት ሲባል የወፍ በሽታ ይመስለዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ካልሆነ ልጁ ደህና ነው ይላል። ከተያዙት ብዙዎቹ ግን ለዓመታት ምንም ምልክት አያዩም።

ሒሳብ ሹም፦ እንዳይጋሩ ብለው ለሚወጉት ንጹህ መርፌ ከሚያድሉ ጋር እንሥራ የሚለው አንቀጽ አልዋጥልህ ብሎኛል። ልጅህ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ብታየው ጫማ ትገዛለታለህ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ይሄ ክርክር እዚሁ ዲሲ ተፈትኗል። ኮንግረስ ከተማው በራሱ ገንዘብ እንኳ ንጹህ መርፌ እንዳያቀርብ ለዓመታት ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት በመርፌ ሳቢያ አዲስ ኤችአይቪ የተገኘባቸው 149 ነበሩ። በ2011 ወደ 30 ወረዱ። ኢንዲያና ውስጥ በስኮት ካውንቲ ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከ200 በላይ ሰው ተያዘ፤ ትንሽ የገጠር ቦታ ናት። አብዛኞቹ ሄፓታይተስ ሲም ነበረባቸው። መርፌ ማደልን ይቃወሙ የነበሩት የያኔው የኢንዲያና ገዢ ማይክ ፔንስ ያኔ ራሳቸው ፈቀዱ።

የወጣቶች ተወካይ፦ እኔ ደግሞ «ምርመራው በማኅበሩ አዳራሽ» የሚለውን አውጡልኝ። በሩ ላይ የእናቱ የዕቁብ ጓደኛ ቆማ ማን ይገባል? አንድ የማውቀው ልጅ ለምርመራ ባልቲሞር ድረስ ሄዷል። ሐበሻ አስተርጓሚ እንዳይመድቡለትም ለምኗል!

ሰብሳቢ፦ እውነትሽን ነው። ታዲያ ብሩ ለምን ይዋል?

ነርሷ፦ ራቅ ወዳለ ክሊኒክ ለመጓጓዣና አብሮት ለሚሄድ ሰው። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት ባይኖረውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ግን የዳነም እንደገና ሊያዝ ይችላል። ንጹህ መርፌ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው፣ ጋሼ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም እዚያው ይሰጠው።

ሒሳብ ሹም፦ እሺ፣ ይግባ። ግን «መርፌ እኛ አናድልም፣ ከሚያድሉት እናገናኛለን» ተብሎ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹን እኔ አናግራለሁ። ናሎክሶን፣ ዕፅ በዝቶበት ራሱን የሳተን የሚያነቃው መድኃኒት፣ ግን አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥ። ሰው እዚያ ራሱን ቢስት ቆመን ልናይ ነው?

ጸሐፊ፦ ርዕሱን ቀየርኩት፦ «በመርፌ ዕፅ ለሚወስዱ ወጣቶች ምርመራና ሕክምና ማድረስ»። የአዳራሹ ምርመራ ወጥቷል። የቀረው የበጀት ሠንጠረዡ ነው። ጋሼ፣ እስከ ሐሙስ ያደርሱልኛል?

ሒሳብ ሹም፦ ዓርብ አድርጊው።