ሞተሩ እየሠራ ፎሌ አልገኝ ይላል፣ ሁለተኛ ማርሽም ይወጣብኛል

ጥያቄ

የምነዳው 150 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከማርሾቹ የሚያለያየው ክፍል) በኬብል የሚሳብ ሞተር ሳይክል ነው። ሁለት ወር ሆነው፣ ማርሽ ለመቀየር ፔዳሉን ከቀድሞው ይልቅ ጠንከር አድርጎ መምታት ግድ ሆኖብኛል። ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ግን ቆሜ ሳለሁ ነው፤ የፍሪሲዮን እጀታውን መሪው እስኪነካ ድረስ ስቤ ከአንደኛ ወደ ፎሌ (ማርሽ ወዳልገባበት ባዶ ቦታ) ላነሳው ስሞክር ፎሌን አልፎ ሁለተኛ ይገባል፣ ወደ ታች ስጫነው ደግሞ ተመልሶ አንደኛ ላይ ያርፋል፤ እጀታውን እንደያዝኩም ሞተር ሳይክሉ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሊሄድ ይፈልጋል። ሞተሩን ካጠፋሁት በኋላ ግን ፎሌ ያለ ምንም ትግል ይገባል።

ከዚህ ሌላ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጅ ስሰጥ አልፎ አልፎ «ቋ» ብሎ ይወጣና ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። ያሳየሁት መካኒክ ካምቢዮው (ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን) መፈታት አለበት ብሎኛል። ከዚያ በፊት ራሴ ላረጋግጠው የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ። ዘይቱን በቅርቡ ቀይሬዋለሁ፤ ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይም በግራ ጎኑ ወድቆብኝ ነበር።

መልስ 1

የሞሉት ዘይት የመኪና ዘይት እንዳይሆን እሰጋለሁ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ስለሆነ፣ ለመኪና ተብለው የተዘጋጁ አንዳንድ ዘይቶች ያላቸው ሰበቃ ቀናሽ ንጥረ ነገር የፍሪሲዮኑን ዲስኮች ያንሸራትታቸዋል። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። «ጃሶ ኤምቢ» የሚለው ግን ለእንደዚህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን የታሰበ አይደለም።

መልስ 2

ስለ ዘይቱ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ከገለጹት ምልክት ጋር አይገጥምም። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። የእርስዎ ችግር ተቃራኒው ነው፤ እጀታው ተስቦም ፍሪሲዮኑ አይለቅም። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ራስዎ የጻፉት ነው፦ ሞተሩ ሲጠፋ ፎሌ በቀላሉ ይገባል። ማርሾቹን የሚያያይዙት ጥርሶች ኃይል ተጭኗቸው ሳለ እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚያዙ በቀላሉ ተንሸራትተው አይላቀቁም፤ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለቀቀ ደግሞ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ያ ጫና አይነሳላቸውም። የካምቢዮው ችግር ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ጠፍቶም ባስቸገረዎት ነበር። ስለዚህ በፎሌው ምክንያት ካምቢዮ አያስፈቱ።

ለማረጋገጥ ሞተር ሳይክሉን በመሃል መቆሚያው አቁመው የኋላ ጎማው ከመሬት መነሳቱን ካዩ በኋላ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ እጀታውን ስበው አንደኛ ያስገቡ። በዘይቱ ምክንያት ጎማው በዝግታ ቢዞር የተለመደ ነው፤ የኋላ ፍሬን በስሱ ሲነኩት መቆም አለበት። ፍሬኑን ሲነኩ የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ወይም ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ እየያዘ ነው። ልብስና እጅ ከሰንሰለቱ ይራቅ።

ከዚያ ወደ ኬብሉ ይሂዱ። የእጀታው ጫፍ ኬብሉን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ያለ ሥራ የሚሄደው ርቀት በብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእርስዎን ልክ ከመመሪያው ያግኙ። ከዚያ ከበለጠ እጀታው መሪው ጋር ሲደርስ ፍሪሲዮኑ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ይሆናል። ወደ ማስተካከያው ከመሄድዎ በፊት ግን መሸፈኛ ጎማውን ገልጠው የኬብሉን ጫፍ ይመልከቱ፣ እጀታው የሚዞርበትንም ብሎን ያውዛውዙት። ብዙ ሰው ኬብል ያጠብቃል እንጂ እዚህ አያይም።

ጠያቂው

እንደተባለው አደረግሁ። ፍሬኑን ስነካ ሞተሩ ጠፋ። መሸፈኛውን ስገልጥ ከኬብሉ ቀጫጭን ሽቦዎች አምስቱ ተበጥሰው እንደ ብሩሽ ቆመዋል፤ የእጀታው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳም ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ኬብሉንና እጀታውን ቀይሬ ክፍተቱን 15 ሚሊ ሜትር ላይ ሳደርገው ፎሌ አሁን ይገኛል። ሁለተኛው ማርሽ ግን እንደ ነበረ ነው።

መልስ 3

ሁለተኛው ሌላ በሽታ ስለሆነ ከፎሌው ጋር ባይቀላቀል ጥሩ ነው። በግራ ጎኑ ወድቆ ነበር ብለዋል፤ የማርሽ ፔዳሉም በግራ ነው። ፔዳሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሞተሩን ሽፋን የሚነካ ከሆነ ጉዞውን ሳይጨርስ ይቆማል፣ ማርሹም በግማሽ ገብቶ ጫና ሲያገኝ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ የተፋቀ መስመር ካለ ይፈልጉ። ፔዳሉ ዘንጉ ላይ የሚታሰርበትን ብሎንም ይፈትሹ፤ ከላላ ጥርሶቹ ይበላሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነና አሁንም ከወጣ፣ ማርሾቹን የሚያያይዙት ጥርሶች ጠርዛቸው ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ታጥፏል ማለት ነው። ያን ጊዜ መካኒክዎ ልክ ነው። እስከዚያ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት አይውጡ፤ በወጣ ቁጥር ጥርሱን ይበልጥ ያሞልጨዋል።

ጠያቂው

የተፋቀው መስመር አለ፤ ጣት የሚያህል፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ተነሥቷል። ፔዳሉን አውጥቼ በመያዣ ካቀናሁት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶብኛል፤ ያም ነዳጅ ስሰጥ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስለቅ ነው።

መልስ 3

ቀድሞ በተደጋጋሚ በወጣበት ጊዜ ጥርሱ ትንሽ ሳይጎዳ አልቀረም። በሚቀጥለው የዘይት ለውጥ ማፍሰሻ ብሎኑ ላይ የሚቀረውን ነገር ያዩት፤ ደቃቅ የብረት ብናኝ ከሆነ መንዳትዎን ይቀጥሉ፣ በጥፍር ሊያዝ የሚችል ስባሪ ካገኙ ግን ካምቢዮውን ያስፈቱት።