ኮሮላዬ ቤንዚን መብላት ጀምራለች፤ ካንዴላም ፊልትሮም ቀይሬ ለውጥ የለም

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ 1300 ሲሲ፣ ማንዋል። ድሮ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 9 ከሞላች ተመስገን ነው። መንገዴ ያው ነው። ጠዋት ከጀሞ አራት ኪሎ፣ ማታ መመለስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ልጆቹን ይዤ በእንጦጦ በኩል ሱሉልታ እናቴ ጋ። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ካንዴላ ቀየሩ። ምንም። የአየር ፊልትሮ ቀየሩ። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ኢንጀክተሮቹ (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩት) በሙሉ ይቀየሩ አሉኝና ዋጋውን ስሰማ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ያሠራሁት ነገር ቢኖር ክረምት ላይ መንገድ ላይ ውሃ አፍልታብኝ ሌላ ጋራዥ አስገብቻት ነበር፣ እሱ በደንብ ተስተካክሏል፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሞቃብኝ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ አነዳድ ይሆን? የደሞዜ ትልቁ ክፍል ማደያ እየቀረ ነው፣ እባካችሁ።

ባለ ዲኤክስ፦
ልጄ፣ 25 ዓመት መሪ ይዣለሁ፣ ታክሲም ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጎማሽን አስለኪ። ስንት ንፋስ እንደሚያስፈልግ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፤ ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ «ይበቃዋል» ሲልሽ እሺ አትበይ። ሁለተኛው እግርሽ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ተስፈንጥሮ ወጥቶ መቶ ሜትር ሳይሄዱ ፍሬን መርገጥ ቤንዚን እንደ መድፋት ነው። አርቀሽ እዪ። ፊት ያለው ሲቆም ካየሽ እግርሽን ከነዳጁ ላይ አስቀድመሽ አንሺ፣ ቀስ እያልሽ ስትደርሺ ብዙ ጊዜ መንገዱ ይከፈታል። ማርሹንም ቶሎ ቀይሪ፣ ሞተሩ እስኪጮህ አትጠብቂ። ፖርታ ባጋጅ ካለሽና የማትጭኚበት ከሆነ አውርጂው። ከእንጦጦ ስትወርጂ ደግሞ ማርሹን አውጥተሽ ፎሌ አድርጊያት፣ እኔ እስከ ዛሬ በዚህ ነው የቆጠብኩት።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
እህቴ፣ አነዳድሽ አይመስለኝም። ጋሼ ያሉት የጎማውም የእግሩም ነገር ልክ ነው፣ ግን ሒሳቡን እንየው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱም ጎማ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ የሚባክነው 0.2 በመቶ ገደማ ነው። አራቱም በ10 ቢወርዱ እንኳ 2 በመቶ ነው። የአንቺ ከ12 ወደ 9 ወርዷል፣ ሩብ ማለት ነው። ፊልትሮውም ቢሆን ቤንዚኑን ኮምፒውተር በሚመጥንበት እንደ አንቺው ባለ ኢንጀክሽን መኪና ላይ ሲደፈን ጉልበት ነው የሚቀንሰው፣ ቤንዚን ያን ያህል አያስበላም፤ ያ የካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር ይቀላቀል የነበረበት ዘመን ነገር ነው።

እኔን የገረመኝ «ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሞቃብኝ አታውቅም» ያልሽው ነው። ግማሽ ሰዓት ከነዳሽ በኋላ የሙቀት መርፌዋ የት ነው የምትቆመው? መሀል ካልደረሰች ቴርሞስታቱን አውጥተውብሻል። ይሄ ነገር እዚህ አገር ያንገበግበኛል። መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እንደ ጥገና ይቆጠራል። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። እሱ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይቀዘቅዛል፣ በአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያምንና ቤንዚን መጨመሩን ይቀጥላል። የተረፈው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ የሞተሩም ብረት ይበላል።

የመጀመሪያው ማፍላትም ምናልባት የራዲያተር ክዳን ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ ክፍት ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 በላይ ድረስ ይታገሳል። ክዳኑ ጎማው ከደረቀ አፈና የለም፣ ጤነኛ ሞተር ያፈላል። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ነው፣ ግን ማንም አያየውም።

ጋሼ፣ ስለ ፎሌው ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ አልስማማም። ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ እግር ከተነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ ሲሠራ በሚበላው መጠን ይጠጣል። ስለዚህ ለእሷ ፎሌ ኪሳራ ነው።

ባለ ዲኤክስ፦
የእኔ ካርቡሬተር ናት፣ በእሷ ለክቼ ነው የማወራው።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
ለካርቡሬተሯስ ልክ ነዎት፣ ትንሽ ይቆጥባል። ግን ፍሬኑ ብቻውን ነው የሚሸከመው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ፔዳሉ ይላላል። እንጦጦም ቢሆን ልጆች ይዛ ነው የምትወርደው። እባክዎ ይተዉት፣ እርስዎም።

ባለ ዲኤክስ፦
የልጆቹን ነገር አላሰብኩትም። ልጄ፣ ፎሌውን ያልኩሽን ሰርዢው፣ በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ።

የጀሞዋ፦
መርፌዋን ዛሬ አየኋት፣ አራት ኪሎ ስደርስ ሩብ ላይ ናት! እኔ ደግሞ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። በትክክል እንዴት ልለካ? ገበታው ላይ ያለውን የነዳጅ መርፌ ነው የማየው።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
እሱ አይታመንም። እስከ አፉ ሙይ፣ ትሪፑን (የጉዞ ቆጣሪውን) ዜሮ አድርጊ፣ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንጂ፣ እዚያው ማደያ ተመልሰሽ እንደገና እስከ አፉ ሙይ። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር የበላችው ነው። የቴሌብር ደረሰኝሽ ስልክሽ ላይ ስላለ ብሩን ለሊትሩ ዋጋ ብታካፍዪ የድሮውንም ታገኚዋለሽ።

የጀሞዋ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሌላ መካኒክ አስከፈትኩ፣ ቴርሞስታቱ በእውነት የለም፣ ባዶ ቤቱ ብቻ ነው ያለው። አስገባሁ፣ የራዲያተር ክዳኑንም ለወጥኩ። ማፍላት የለም፣ መርፌዋ መሀል ላይ ቆማለች። ትናንት ስለካ 342 ኪሎ ሜትር በ30 ሊትር፣ 11.4 ማለት ነው። የኋላ ጎማዎቼም 24 ፒኤስአይ ሆነው ተገኙ፣ ጋሼ፣ እነሱንም አስሞላሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዘይቱ ቤንዚን ገብቶበት ከሆነ ጊዜው ሳይደርስ ልለውጠው? እስከ አሁን የሚሞሉልኝ 20 ደብልዩ 50 የሚባለውን ዘይት ነው።

መካኒክ ከቃሊቲ፦
አዎ፣ አሁኑኑ ለውጪው፣ ከነፊልትሮው። 20 ደብልዩ 50 ለዚያ ሞተር ወፍራም ነው፣ ጠዋት ሲነሳ ያከብደዋል። መመሪያው ላይ የተጻፈውን እዪ፣ ቀጠን ያለው 5 ደብልዩ 30 ይበቃታል። የሚሞላልሽ ልጅ «ወፍራሙ ይሻላል» ካለሽ ጣሳውን ራስሽ ገዝተሽ ሂጂ።