ለጀማሪ ስኖውቦርድ ምን ልግዛ? የት ልሂድ? (ዴንቨር)

የማታ ሹፌር፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው አውሮራ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በረዶ ከመኪናዬ ላይ ስጠርግ ኖሬ ዘንድሮ ቦርድ ላይ ቆሜ ልንሸራተትበት ቆረጥኩ። አንድ ሰው ያገለገለ ቦርድ ከነጫማው በ150 ዶላር ይሸጣል። የኔ ቁጥር 9 ነው፣ የሱ 10 ተኩል። ወፍራም ካልሲ ደርቤ ብገዛውስ? ቦታውስ? ሰው ሁሉ የሚያወራው ብሬክንሪጅ ስለሚባለው መንሸራተቻ ነው። እረፍቴ ማክሰኞ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ክረምት፦
ወንድሜ፣ ተው! እኔም የጀመርኩት በሰው ጫማ ነው። ሁለት ካልሲ ደረብኩ። ተረከዜ ውስጥ እየተነሳ ቦርዱ አልታዘዝ አለኝ። ማታ የቤቴን ደረጃ የወጣሁት በቂጤ ነው።

ከሁሉ በፊት ጫማ። ሱቅ ሄደህ አጥልቀው። ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን ነካ ያድርግ፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ትንሽ ይለቀዋል። ተረከዝህ ከተነሳ ሌላ ሞክር። ካልሲ አንድ፣ ቀጭን፣ የሱፍ። ቦርዱን ለጊዜው ተከራይ፣ ለስለስ ያለውን። ደረቁ የጀማሪን ስህተት አይምርም። በተረፈህ ብር ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ግዛ፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ነው የሚያስቀድመው። ጂንስ እንዳታስበው፣ ረጥቦ በብርዱ እንደ እንጨት ድርቅ ይልብሃል።

ብሬክንሪጅ ይቆይህ። ላቭላንድ ሂድ። አይዘንሃወር ዋሻ ሳትገባ ታገኘዋለህ፤ ላቭላንድ ቫሊ የሚባለው ክፍል ለጀማሪ የተለየ ነው። ማክሰኞ ደግሞ እድለኛ ነህ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ የሚወስደው አይ-70 መንገድ ሳይሆን ፓርኪንግ ነው።

ነርሷ፦
አዲስ አበባ ስላደግን ከፍታ ለምደናል አትበል፣ ወንድሜ። ላቭላንድ ግርጌው ራሱ የእንጦጦን ጫፍ ያክላል፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ራሴን አሞኝ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጣ። የፀሐይ ክሬምም ተቀባ፤ በረዶው ፀሐይዋን መልሶ ፊትህ ላይ ነው የሚረጫት። ጎማህንም እይ፣ ያለቀ ጎማ እዚያ መንገድ ላይ ያስቀጣል።

የማታ ሹፌር፦
150ዋ ተረፈች! ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚያከራዩት ሰዎች የትኛው እግርህ ነው ፊት የሚሆነው ይላሉ። ምን ልበል?

ሦስተኛ ክረምት፦
በካልሲ ኩሽና ወለል ላይ ሮጠህ ተንሸራተት። የቀደመው እግር እሱ ነው። ቀኝ ከሆነ ጉፊ ይሉሃል፤ ስድብ አይደለም።

የማታ ሹፌር፦
ቀኝ ነው። ሚስቴ አብዷል ብላ እህቷ ጋ ደውላለች።