የጥንት ክርስቲያኖች ቲያትርን ለምን ተቃወሙ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኘው ሰንበት ትምህርት ቤታችን መንፈሳዊ ቲያትር እያዘጋጀን ሳለ፣ አንድ አባት የጥንት ክርስቲያኖች ትርኢትን አጥብቀው ይቃወሙ እንደነበር ነገሩን። ምክንያታቸው ምን ነበር?

መልስ ፩፦ ዋናው ጣዖት አምልኮ ነው። በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ከተማ ክርስቲያን ጸሐፊ የነበረው ጠርጡሊያኖስ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ እንዳስረዳው፣ ትርኢቶቹ ለአማልክት ክብር የሚደረጉና ከመሥዋዕት ጋር የተያያዙ ስለነበሩ፣ በጥምቀቱ ሰይጣንን የካደ ክርስቲያን በተመልካችነት መቀመጡ ቃል ኪዳኑን ማፍረስ ነበር። በትርኢት ላይ በመሣሪያ የሚፋለሙት የግላዲያተሮቹ ደም መፍሰስም ሌላው ምክንያት ነው።

መልስ ፪፦ ወንድሜ እንዳሉት ነው፤ ነገር ግን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ተግሣጽ ይበልጥ ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ399 በቁስጥንጥንያ ሕዝቡ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ በማግስቱም ወደ ቲያትር በመሄዱ እጅግ አዝኖ ሰብኳል፤ በዓይን የገባው ምስል ከትርኢቱ በኋላም በነፍስ ውስጥ እንደሚኖር ያስተምር ነበርና።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያው የእኛ ዝግጅት ጣዖትም ደምም ስለሌለበት፣ ልንመረምረው የሚገባን በመልስ ፪ የተነሣውን፣ በዓይን የገባው ምስል በነፍስ ውስጥ የመኖሩን ነገር ነው።