ክርክር፦ ስህተቱን ራሱ ያሳወቀ የአቪዬሽን ሠራተኛ ከቅጣት ይዳን?

አወያይ፦ በአሜሪካ አብራሪ፣ ቴክኒሽያን ወይም የበረራ ተቆጣጣሪ ሳያስበው ደንብ ቢጥስና በ10 ቀን ውስጥ ለናሳ ሪፖርት ቢልክ፣ የአገሪቱ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍ.ኤ.ኤ. ጥፋቱን ቢያረጋግጥም ፈቃዱን አያግድበትም፣ ገንዘብም አይቀጣውም። አደጋ፣ ወንጀልና ሆን ተብሎ የተሠራ ጥፋት አይካተቱም። አሠራሩ ተገቢ ነው ወይስ ለዝርክርክነት ሽፋን? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባለሃንጋር፦ ሽፋን ነው። የኢስተርን አየር መንገድን በረራ 855 ተመልከቱ። ሜይ 5 ቀን 1983 ትራይስታር የሚባለው ባለሦስት ሞተር አውሮፕላን 172 ሰው ይዞ ከማያሚ ወደ ናሶ ሲሄድ ከሦስቱም ሞተሮች ዘይት ፈሰሰ። በአንድ ሞተር ተመልሶ ነው ያረፈው። ሌሊት ቺፕ ዲቴክተሮቹን (ዘይት ውስጥ የብረት ቅንጣት መኖሩን የሚያሳዩትን ዕቃዎች) የቀየሩት ቴክኒሽያኖች ኦሪንግ፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርገውን የጎማ ቀለበት፣ አላደረጉባቸውም። የሥራ ካርዱ በአዲስ ኦሪንግ ግጠሙ ይላል፤ ተፈርሞበታልም። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የፈረመ ሰው ቅጽ ስለሞላ ብቻ ይታለፍ?

ሄለን፦ ወንድሜ፣ ከፊርማው አልፈህ እይ። ዲቴክተሮቹ ብዙ ጊዜ ኦሪንግ ተደርጎላቸው ከአለቃው ካቢኔት ይወሰዱ ነበር። ያን ሌሊት ካቢኔቱ ውስጥ አልነበሩም። ከስቶር የወጡት ኦሪንግ የላቸውም፤ ለአገልግሎት ብቁ ነው የሚል ካርድ ግን ታስሮባቸዋል። ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን በስታርተር (በማስነሻው) 10 ሰከንድ ያህል ብቻ አዙረው ፍሳሽ ፈተሹ። ያ ጊዜ ፍሳሹን ለማሳየት አልበቃም። ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ወራት ውስጥ በዚያው አየር መንገድ ከዲቴክተርና ከኦሪንግ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ችግር 12 ጊዜ ደርሷል። አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ቦርድ ማኔጅመንቱን የወቀሰው የእነዚህን ክብደት አልመዘነም ብሎ ነው።

ባለሃንጋር፦ ግማሹን አትዝለዪ እህቴ። ያው ቦርድ ሱፐርቫይዘሮቹ ቴክኒሽያኖቹን አሠራሩን በጥብቅ እንዲከተሉ ደጋግመው አላስገደዱም ብሏል። ደግሞ 12ቱ አልተደበቁም፤ እየታወቁ ነው የቀጠሉት። የጎደለው ሪፖርት ሳይሆን ቁጥጥር ነው።

ሄለን፦ ሞተር መቆሙ መዝገብ ላይ ይገባል። የካቢኔቱን ልማድ ግን ሥራውን የሚሠራው ሰው ካልተናገረ ከቢሮ ሆኖ የሚያየው የለም። ከቀጣኸው ደግሞ አይናገርም።

ታወር፦ ይህ አሠራር የተወለደው ከዚህ ዓይነት ዝምታም አይደለም። የተነገረ ነገር ሳይዳረስ በመቅረቱ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባው በረራ ወደሚያርፍበት ወደ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ሲሄድ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ በረራ 514 ገና 44 ኖቲካል ማይል ሲቀረው አፕሮች (ለማረፍ መቅረብ) ተፈቀደለት። አብራሪዎቹ ወደ 1,800 ጫማ መውረድ የተፈቀደላቸው መሰላቸው፤ የዚያ መስመር ዝቅተኛ ከፍታ 3,400 ጫማ ነበር። ማውንት ዌዘር ተራራ ላይ ተከስክሶ 92ቱም አለቁ። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው አለመግባባት ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለድርጅታቸው ተናገሩ፣ ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ቲ.ደብሊው.ኤ. ዘንድ ግን አልደረሰም።

በ1975 ኤፍ.ኤ.ኤ. ራሱ ሪፖርት መቀበል ጀመረ። ቅጣት ለሚጽፍብህ አካል ማን ይናዘዛል? በ1976 ሥራው ለናሳ ተሰጠ፤ ናሳ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅም። ስም ያለበት የቅጹ ክፍል ተቆርጦ፣ ማኅተም ታትሞበት ለባለቤቱ ይመለሳል። ማስረጃው እሱ እጅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጠበቃ፦ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ልጨምር። የናሳው ጥበቃ ቀጣሪን አያስርም። በኩባንያ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሌላ ነው፤ ከኤፍ.ኤ.ኤ.፣ ከድርጅቱና ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ አንድ ሰው ተቀምጦ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ይወስናል። ያም ቢሆን መተማመን ሲጠፋ ይፈርሳል። የአሜሪካን አየር መንገድ የፓይለቶች ፕሮግራም በ2008 የተቋረጠው ማኅበሩና ድርጅቱ በዚሁ ጥበቃ ላይ ባለመስማማታቸው ነው።

ባለሃንጋር፦ እሺ፣ ሳያስበው ለተሳሳተ ጥበቃው ይኑር። ግን በ5 ዓመት ውስጥ ጥፋት የተገኘበት ሰው አይጠቀምም የሚለው ገደብ እንዳይነካ። አሁንም የምጠይቀው አለ፦ ሌሊት ሺፍት ላይ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ትንሽ ድርጅት፣ ስም መቁረጥ ምን ይሰውራል?

ታወር፦ ስም ብቻ ከሆነ ምንም። ለዚህ ነው ናሳ ከቀኑ ወሩን ብቻ የሚያስቀረው። ሰዓቱም ቀኑ በስድስት ስድስት ሰዓት ከተከፈለባቸው አራት ክፍሎች የትኛው እንደሆነ ብቻ ይጻፋል፣ የአየር መንገዱ ስም ይወጣል፣ የኤርፖርቱም ስም ብዙ ጊዜ በሦስት ዜድ ይተካል። የውስጥ ሪፖርትን ከአውሮፕላኑ ታርጋና ከሥራ ካርዱ ቁጥር ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ድርጅት ሁለተኛ ሪፖርት አይጠብቅ።